ለሱሀይር የቆሙ ሽማግሌዎች

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ትንሽ ያርፍና ደግሞ፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ድምፅ ነበር። የኛን ቤት ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለነበር፣ ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥስ እኛ ወዲህ ሆነን "ይማርህ" እንል ነበር። ይሄ ግን ማስነጠስ አይደለም። አንድ ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመላለሳል፤ እየተመላለሰም ያነበንባል። አማርኛ አይደለም። እናቴ ከእህቶቿ ጋር የምታወራው ስልጢኛም አይደለም። ጆሮዬን ኮምፔርሳቶው ላይ ለጥፌ ብዙ ካዳመጥሁ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ።

"እማዬ፣ እዛ ቤት ጂኒ ገብቷል።"

"ጂኒ የቤት ኪራይ አይከፍልም" አለች እናቴ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች። "ይልቅ ዳቦህን ብላ።"

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከራጉኤል ጀርባ፣ አንድ ቧንቧ ለሁሉም ከሚበቃበት ግቢ ውስጥ ነው። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የማዶው ድምፅ ይዋጣል፤ ሲያባራ ግን እዚያው አለ። ጂኒው አይደክመውም።

ጂኒው ሱሀይር ነበረች። ከዓደን፣ ከየመን ጦርነት ከአጎቷ ጋር ሸሽታ የመጣች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። የምታነበንበው ድግምት አልነበረም። እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ የሳይንስ መጽሐፏን ነበር። መጽሐፉ ቤታቸው ሲፈርስ ከሥር ቀርቷል። እሷ ደግሞ ከጭንቅላቷ እንዳይጠፋ በየቀኑ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ትነሳና እስከምታስታውሰው ድረስ ትሄዳለች። መውጫ ስላልነበራት የምትሄደው ያችን አንዲት ክፍል ነበር።

አጎቷን ጋሼ ሁዛይፋ እንላቸዋለን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሽርጥ ያገለደሙ ሰው ናቸው። የተወለዱት እዚሁ መርካቶ ነው። አባታቸው ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ዓደን ሲሄድ እሳቸው ልጅ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ሸብቶ ተመለሱ። አማርኛቸው የሄዱ ዕለት እንደቆመ ሰዓት ነው። ሚኒባሱን በድሮው ታክሲ ስም "ውይይት" ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ቅመም ሊመዝኑ ወደሚሠሩበት ሱቅ ሲወጡ በሩን ከውጪ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ይከታሉ።

ቁልፉ እናቴን እንቅልፍ ነሳት። እናቴ ሀያቱ ሸማ ተራ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አስቀምጣ ነጠላና ጋቢ ትዘመዝማለች፤ ቋጩን ደግሞ ለየቤቱ ሴቶች ትሰጣለች። አንድ ጠዋት ያልተቋጨ ነጠላ ይዛ በማዶው ቤት ጠባብ መስኮት አቀበለች። ማታ ነጠላው ተቋጭቶ በዚያው መስኮት ወጣ። እናቴ ወደ ብርሃን አውጥታ አገላብጣ አየችው። ቋጩ ልቅም ያለ ነበር።

"ጋሼ ሁዛይፋ፣ ልጅቷ እጅ አላት" አለቻቸው። "እኔ ቤት ቁጭ ብላ ትሥራልኝ። የኔ በር ከበርዎ አንድ እርምጃ ነው።"

"ካንቺ ቤት ወዲያ ግን የለም" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ።

"የለም።"

እንዲህ ሆኖ ጂኒዬ ከግድግዳው ወዲህ መጣች። ትልቅ ዓይን፣ የተነከሰ ጥፍር፣ ጥቁር ሻርፕ። እኔን አየችኝና ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ቅር አለኝ። ጂኒ ጫማ ያወልቃል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ቤታችን በሹክሹክታ የተሞላው። እትዬ ለተብርሃን ማታ ማታ መምጣት ጀመሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በግቢያችን ጮክ ብለው የማይናገሩ ብቸኛ ሴትም ነበሩ። ሰው ከጠየቀ ስብሰባው "አንድ ለአምስት" ነው ይባላል። የወረዳዋ ሴትዮ ራሷ ሰምታ "ጎሽ፣ ተጠናክራችኋል" ብላ አልፋለች። እኔ አልጋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ከፍቼ እተኛለሁ።

"ሰውየውን አናግሬዋለሁ" ይላሉ እትዬ ለተብርሃን። "እሺ ብሏል። ግን ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ካልቀረበች ለከርሞ ነው ብሎኛል።"

"ለከርሞማ ልጅቷ ታመልጠናለች" ትላለች እናቴ። "አጎቷ ለሚመጣ ለሚሄደው 'ባል ባገኝላት አርፍ ነበር' እያለ ነው። ሽማግሌ መላክ አለብን።"

"እሺ ቢልስ፣ ማን ይዟት ይሄዳል?"

"አዩብ አለ አይደል።"

ከብርድ ልብሱ ሥር ልቤ ዘለለች። አዩብ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሞባይል ጠጋኝ። ሽማግሌ ይላካል፤ ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው፤ አዩብ ይዟት ይሄዳል። ይሄ ሰርግ ካልሆነ ምን ሰርግ አለ?

እትዬ ለተብርሃን ያናገሩት ሰው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሱሀይር በሒሳብና በእንግሊዝኛ ተፈትና ካለፈች ሰባተኛ ክፍል ይቀበላታል፤ አማርኛው እየዋለ እያደረ ይመጣል ብሎ። ካልቀረበች ግን ዓመቱን ሙሉ ቤት ትቀመጣለች፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ ጋሼ ሁዛይፋ ባሉን ማግኘታቸው አይቀርም። እነዚያ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ የሚሟገቱት ስለዚህ ነበር። እኔ ግን በጨለማው ውስጥ ባለ አበባ መኪና እየነዳሁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሱሀይር የወንድሜ ሚስት ሆና እኛ ቤት ልትኖር ነው። ነጠላ እየቋጨች ዝቅ ባለ ድምፅ የምታዜመውን ዜማ ሁልጊዜ ልሰማ ነው። ስለዚህ እናቴ "ሙስአብ፣ ፊደል አስቆጥራት" ስትለኝ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሙሽራ የባሏን አገር ቋንቋ ማወቅ አለባት።

ሙሽራ የሚያስፈልጋትን ሁሉ አስተማርኳት። "እንኳን ደህና መጡ።" "ውሃ ላምጣልዎ?" "ይጫወቱ።" ሱሀይር በትዕግሥት ትደግመዋለች። ከዚያ ነጠላውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የራሷን ታመጣለች። በእጇ፣ በዓይኗ፣ በእንግሊዝኛ ቁርጥራጭ። አንዴ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ ቅንድቧን ሰቀለች።

"ጥያቄ አለኝ?" አልኳት።

"ጥያቄ አለኝ" አለች፤ ወደደችው። ቀጥላም እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ግንባሯን ቋጠረች።

"አልገባኝም።"

"አልገባኝም። አልገባኝም።"

"ይሄንን ግን ለባል አይሉም" አልኳት። አልገባትም። አልገባኝም እንኳን አላለችም፣ ሳቀች እንጂ።

ምልክቱ እየበዛ ሄደ። እናቴ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በክር ለካቻት። አዩብ ጥቁር የሴት ጫማ ገዝቶ አልጋ ሥር ደበቀ። አንድ ቀን ሞባይል ሲፈታ ጠጋ አልኩት።

"አዩብ፣ ቆንጆ ናት አይደል?"

"ማን?"

"ሱሀይር ነቻ።"

"አንተ! ልጅ እኮ ናት!"

"እና ብትሆንስ?"

"እና ሂድ፣ ብሎን እንዳታጠፋብኝ" ብሎ ማጅራቴን መታኝ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ፍቅር እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።

ሽማግሌ ስትመርጥ እናቴ ይዛኝ ዞረች። መጀመሪያ እህል በረንዳ፣ ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ነው የሄድነው። የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ጢማቸው ዱቄት ለብሶ ሰሟት። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ ኩሊዎቹ "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ ጆንያ ተሸክመው መሀላችን ይተረማመሳሉ። ሐጂ ሸምሱ ሰምተው ሲያበቁ "ሱብሐነላህ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሸማ ተራ ተመለስን። ጋሼ ጓንጉል ከእናቴ በረንዳ ፊት ለፊት ጋቢ የሚሸጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቅ ሰው ናቸው።

"ለአዩብ ነው? እንኳን ደስ ያለሽ!" አሉ ገና ከሩቅ።

እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። ጋሼ ጓንጉል እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሸምግዬ እንዲህ ያለ ሽምግልና ሰምቼ አላውቅም! መጣሁ፣ መጣሁ። ሦስተኛችን ማነው?"

"እትዬ ለተብርሃን።"

ጋሼ ጓንጉል ሳቃቸውን ዋጡ። "ሀያቱ፣ እኔ ቅር አይለኝም። ግን ሴት ሽማግሌ ከየት መጣ?"

"ከኛ ግቢ" አለች እናቴ።

ማታ እትዬ ለተብርሃን ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው "ሽማግሌ ማለት ያረጀ አይደል? ከሁለቱም እበልጣለሁ፤ የልደት ወረቀታቸውን ያምጡ" አሉ። በዚያው ተቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት መጣ። መስከረም ገብቷል፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ግቢው በጭቃ ሽታና በጠዋት ዳቦ ሽታ ተሞልቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ተሰልፈው ገቡ። አዩብ በር ላይ ቆመ። እናቴ ከኋላ፣ እኔ በእናቴ ቀሚስ ሥር። ጋሼ ሁዛይፋ ለሥራ ሊወጡ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ኮታቸውን እያዩ ሻይ ይጠጡ ነበር። ክፍሏ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች፤ ሱሀይር ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

"ወዓለይኩሙ ሰላም! ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ።"

"ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።"

ጋሼ ሁዛይፋ መርካቶ ተወልደዋል። ሦስት ሰው ነጭ ለብሶ በጠዋት መጥቶ አልቀመጥም ሲል ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም። ፊታቸው በራ። በር ላይ የቆመውን አዩብን ከጫማው እስከ ፀጉሩ፣ ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ፣ አዩት።

"ተናገሩ እንጂ! በቤቴ ነው የቆማችሁት።"

"ልጅህን ልንጠይቅህ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ።

"ለትምህርት ቤት" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

ከውጪ የቧንቧው ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። ሐጂ ሸምሱ ተሳስተዋል፣ አርጅተዋል አልኩ በሆዴ። እንዴት አንድ ሰው አያርማቸውም?

"ሀያቱ" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ፣ "ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?"

"ጨዋታ አይደለም ጋሼ። ሽማግሌ ነው የላክሁብዎ። ፈተናዋ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።"

"አይሆንም።"

"አይሆንም ካልክ እንቆማለን" አሉ ጋሼ ጓንጉል።

ቆሙ። ጋሼ ሁዛይፋም ሽማግሌ ቆሞ እሳቸው መቀመጥ ስላልቻሉ ብድግ አሉ። በዚያች ጠባብ ክፍል ሁላችንም፣ ባዶ ወንበሮች መሀል፣ እንደ ታክሲ ተራ ቆምን። ሻዩ ቀዘቀዘ። የጋሼ ጓንጉል ግራ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈርተው መሰለኝና አፈርኩላቸው።

"ጋሼ ጓንጉል፣ በአላህ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎን ነው" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ።

"ልጅቷን ስጠን፣ እቀመጣለሁ።"

"እናንተ ምን ታውቃላችሁ!" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ። "ወንድሜ እጄ ላይ ነው የሞተው። 'ልጄን...' አለኝ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። አደራ ናት። መንገዱን አታውቅ፣ ቋንቋውን አታውቅ። መኪና ቢገጫትስ? ዱርዬ ቢያገኛትስ? ለወንድሜ ምን ብዬ ነው የምመልስለት? ባሏ ቢረከበኝ እኮ ቢያንስ አንድ ወንድ ይጠብቃታል።"

"አደራ ስለሆነችማ ነው ቆመን የምንለምንህ" አሉ ሐጂ ሸምሱ ቀስ ብለው። "ወንድምህ 'ልጄን' ብሎ ያቆመው ቃል መጨረሻው ምን ነበር? 'ልጄን ቆልፍባት' ሊልህ ነበር?"

ጋሼ ሁዛይፋ የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አደረጉት።

"አሁን ለየትኛው ልጅ እንደምንጠይቃት እንኳን ሳትሰማ 'አልሐምዱሊላህ' አልክ" አሉ እትዬ ለተብርሃን። "ለማታውቀው ወንድ በአንድ ቃል ሰጠሃት። ለአንድ ወንበርና ለአንድ ጥቁር ሰሌዳ ግን ሦስት ሽማግሌ አልበቃህም።"

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

"አዩብ ሊያገባት አይደል እንዴ?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

"እኔ?!" አለ አዩብ ከበሩ፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ጋሼ ጓንጉል በጉልበታቸው ሕመም መሀል በሳቅ ፈነዱ። ሐጂ ሸምሱ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባም የታፈነ ሳቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ሁዛይፋ ብቻ አልሳቁም። እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ትልቁ ሰውና ትንሹ ልጅ በዚያ ጠዋት አንድ ዓይነት ነገር አስበን እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። እሳቸው ግን ያኔውኑ ገብቷቸው ይሆናል።

"ነገ ልንገራችሁ" አሉ በመጨረሻ።

"ነገ የሚባል የለንም" አለች እናቴ።

ድምፅዋን አላውቀውም ነበር። እናቴ በገበያ ትጮሃለች፣ በቤት ትቀልዳለች፤ እንዲህ ግን አታወራም። ዘንድሮ፣ ያንን ጠዋት እንድትነግረኝ ስጠይቃት፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ነገረችኝ። ስድስተኛ ክፍል እያለች፣ አገር ቤት፣ ለአባቴ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እሷም እንደ ሱሀይር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታዳምጥ ነበር። "የኔዎቹ ብዙ አልቆሙም" አለችኝ። "አባቴ ቶሎ አስቀመጣቸው።" ከዚያ መኪናዋን መልሳ ረገጠች። ያን ቀን በሩ ላይ ቀሚሷን ይዤ ስቆም ጭኗ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እሷም እንደ ጋሼ ጓንጉል ጉልበቷን ያማት መስሎኝ ነበር።

አዩብ ሞባይሉን አየ። "እማዬ፣ ሰዓቱ..."

"አይተናል" አሉ እትዬ ለተብርሃን። "እንቆማለን።"

"እንጃ፣ ምን እንደምል አላወቅሁም" አሉ ጋሼ ሁዛይፋ፤ ለማን እንደሚሉት አይታወቅም። "አላወቅሁም፣ አላወቅሁም..."

መጋረጃው ተገለጠ።

ሱሀይር እናቴ የሰፋችላትን ለብሳለች፤ ሰማያዊ ጉርድ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከላይ ሰማያዊ ሹራብ። እግሯ ላይ አዩብ የደበቀው ጥቁር ጫማ። የትምህርት ቤት ልብስ ነበር። የሙሽራ ልብስ አለመሆኑን ሳይ የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ወደቀ፤ ወዲያው ግን ፊቷን አየሁና የወደቀውን ረሳሁት። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። አልፈራችም። አልተቆጣችም። ልትሄድ ነው፣ በቃ።

"ሱሀይር" አሉ አጎቷ፤ ከዚያ በዐረብኛ የሆነ ነገር ጠየቋት። ወዴት ነው ያሉ ይመስለኛል።

በሐጂ ሸምሱና በጋሼ ጓንጉል መሀል፣ ትከሻዋን አጥብባ፣ ማንንም ሳትነካ አለፈች። እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት። አዩብ ከበሩ ዞር አለ። እናቴ እጇን ዘርግታ ልትነካት አሰበችና መልሳ ሰበሰበች። ሱሀይር ግቢውን አቋርጣ፣ ቧንቧውን አልፋ፣ ከመጣች ጀምሮ ብቻዋን ረግጣው የማታውቀውን የውጪ በር ከፍታ ወጣች።

ከአዩብ እጅ ሾልኬ ተከተልኳት። ጠባቧ መንገድ አፍ ላይ ቆማለች። ከፊቷ ሸማ ተራ ነው፤ ኩሊዎች ጣቃ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ጋሪ አለ፤ "ዞር በሉ!" አለ፤ መርካቶ በሙሉ ኃይሏ ነቅታለች። ሱሀይር ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። ወደ ኋላ አላየችም።

ቤት ውስጥ ጋሼ ጓንጉል "አሁን እንቀመጥ ወይስ ምን ይሁን?" ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ጋሼ ሁዛይፋ ወጡ። ኮታቸውን በአንድ እጅጌ ብቻ ለብሰዋል። ሽማግሌዎቹን አልተሰናበቱም፤ እናቴን አላዩም፤ በሩንም አልቆለፉም። በአጠገቤ አልፈው፣ በሱሀይርም አጠገብ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አልፈው፣ ከፊቷ ሆነው ኩሊዎቹን በረጅም እጃቸው እየገፉ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ታጠፉ። ሱሀይር ለአፍታ ቆመች። ከዚያ እሳቸው በከፈቱት መንገድ ገባች፤ ሁለቱም ከጣቃውና ከሰው መሀል ጠፉ።